ከረፋዱ 5 እስከ 10 ሰዓት፦ ሳቢያን ያለ የቤት ውስጥ ሕፃናት ማቆያ በቴሌቪዥኑ ሲመዘን

ድሬዳዋ ላይ የልጅ ማቆያ የሚፈልግ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ንጽሕናና ስለ ክፍያ ነው። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ገና በር ላይ እንደቆሙ መልስ ያገኛሉ። ወላጅ የማያየው ከረፋዱ 5 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ጊዜ ነው። ልጁን 1:30 ላይ ሲያደርስ ግቢው ቀዝቃዛ ነው፣ 11:30 ላይ ሲወስድም ልጆቹ በረንዳ ላይ ናቸው፤ በሁለቱም ሰዓት ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። መሐሉ ግን ሌላ ነው። እኛ የገመገምነው ያንን መሐል ነው።

ቤቱ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ያለ፣ ታፔላ ያልሰቀለ፣ በሰው በሰው የሚታወቅ ነው። ስሙን አንጠቅስም፤ እዚህ የምንጽፈው አብዛኛው ነገር በከዚራም በመጋላም በገንደ ቆሬም ያሉ ብዙ ቤቶች ላይ የሚሠራ ስለሆነ አንዱን ቤት ለይቶ ማሳጣት ፍትሐዊ አይሆንም። ስምንት ልጆች አሉ። ሁለቱ ዓመት አልሞላቸውም፣ ሦስቱ ከ1 ዓመት እስከ 2 ዓመት ተኩል፣ ሦስቱ ከ3 እስከ 5 ናቸው። የሚይዟቸው ልጆቹ "እማማ" የሚሏቸው የቤቱ ባለቤትና የእህታቸው ልጅ ናቸው። ጨቅላዎቹ ለምን እንዲህ ቶሎ እንደሚመጡ ግልጽ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ የሚሰጠው ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው። አያት ወይም እህት ቤት ውስጥ ከሌለች በአራተኛው ወር ልጁ ሰው እጅ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የቤት ውስጥ ማቆያ ሲመዘን ከሁሉ በፊት የጨቅላዎቹ ቀን እንዴት እንደሚያልፍ መታየት አለበት።

ጥሩ የሆነውን ቶሎ እንበል። የውጪው በር ሁልጊዜ ከውስጥ ይቀረቀራል። የእያንዳንዱ ልጅ ምሳ ስሙ በተጻፈበት የራሱ ዕቃ ከቤቱ ይመጣል። ዳይፐር የሚቀየረው ምግብ ከሚቀርብበት ምንጣፍ ርቆ ነው፤ ከዚያ በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠባል። የመጠጥ ውሃ በየሰዓቱ ከፍ ከፍ ላሉት ልጆች ይታደላል፤ በግንቦት የድሬ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እማማ ልጅ አይጮኹበትም። የወላጅ ስልክም በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳሉ።

ቴሌቪዥኑ 43 ኢንች ነው፣ ሳሎን ውስጥ ቡፌ ላይ ተቀምጧል፣ የሚሠራው በዲሽ ነው። ከጠዋቱ 4:45 ገደማ ይከፈታል። እስከ 6 ሰዓት የልጆች ካርቱን ነው። በምሳ ሰዓት ወደ ዜና ይቀየራል፤ ከምሳ በኋላ ልጆቹ እዚያው ሳሎን ውስጥ ሲተኙ ተከታታይ ድራማ ይቀጥላል። ሲነቁ እንደገና ካርቱን፣ እስከ 10 ሰዓት። ማለትም በቀን አምስት ሰዓት ከሩብ ያህል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ለልጅ ተብሎ የተከፈተው ግማሹን አይሞላም።

የሚከፈትበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያልተረዳ ወላጅ "አጥፉት" ብሎ ቢቆጣ ምንም አይለወጥም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ በቆርቆሮ የተሸፈነ በረንዳ እንደ ምጣድ ይግላል። ልጆቹ ወደ ሳሎን ይገባሉ፣ በዚያው ሰዓት አንዷ ተንከባካቢ ምግብ ለማሞቅ ማዕድ ቤት ትሆናለች፣ ሌላዋ ጨቅላ ታቅፋ ጡጦ ትሰጣለች። የቀሩት ልጆች በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ። ቴሌቪዥኑ የሚሞላው ያንን ክፍተት ነው። ስለዚህ መፍትሔውም ከሰዓት አደላደል ይጀምራል።

መለኪያችንን እንግለጽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ባወጣው መመሪያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ምንም ስክሪን እንዳያይ ይመክራል፤ የ1 ዓመት ልጅም እንደዚያው። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል፣ ካነሰም የተሻለ ነው። ይህ 1 ሰዓት ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ የሚያየውንም ይጨምራል። ማቆያው ሙሉውን ከበላው ለወላጅ የሚተርፍ የለም፤ እኛ ለማቆያ ተገቢ የምንለው ከ2 ዓመት በላይ ላሉት በቀን 30 ደቂቃ ነው። መመሪያው ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ፣ ጨቅላም በአንድ ቦታ ታስሮ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ብዙ ወላጅ "ልጄ አያየውም፣ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚጫወተው" ይላል። ማንም ሳያየው የበራ ቴሌቪዥን ግን ሥራውን አያቋርጥም። ልጁ ኩባያ ላይ ኩባያ ሲደረድር ድምፅ በተለወጠ ቁጥር ቀና ይላል፤ ሲመለስ የጀመረውን ትቶ ሌላ ያነሳል። ጨዋታው እየተቆራረጠ አንዱም ዳር ሳይደርስ ይቀራል። በዚህ ቤት የ2 ዓመት ልጅ ጠዋት ግቢ ውስጥ አሸዋ ላይ ለረጅም ጊዜ ይጫወታል፤ ያው ልጅ ከ5 ሰዓት በኋላ በየደቂቃው ዕቃ ይቀያይራል። ወላጅ ይህን "ቀበጥ ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ሁለተኛው ጉዳት አዋቂውን የሚያገኘው ነው። ቴሌቪዥን ሲበራ ተንከባካቢ ዝም ትላለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሕፃናትን ቀኑን ሙሉ በድምፅ መቅጃ ተከታትሎ ነበር፤ ቴሌቪዥን በተሰማበት በእያንዳንዱ ሰዓት ልጁ ከአዋቂ የሚሰማው ቃል በ770 ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ በድሬዳዋ እጥፍ ኪሳራ ነው። በዚህ ቤት ያሉት ልጆች ቤታቸው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይነገራል፤ እማማ ሦስቱንም ይችላሉ፣ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር በእናቱ ቋንቋ ያወራሉ። ይህ የትኛውም ባለ ታፔላ ማቆያ በገንዘብ የማይገዛው ሀብት ነው። ዲሹ የሚያመጣው ካርቱን ግን በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። የ2 ዓመት ልጅ ቃል የሚይዘው "ዋ!" ሲል "አዎ፣ ውሃ፤ እንካ ውሃ" ብሎ ከሚመልስለት ሰው ነው። ስክሪን አይመልስለትም።

ድምፁ መብዛቱን ለማወቅ ከልጁ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ በተለመደ አነጋገር፣ ስሙን አንዴ መጥራት ይበቃል። ካልዞረ ድምፁ በዝቷል። በዚህ ቤት ጠዋት ሁሉም በመጀመሪያው ጥሪ ይዞራሉ፤ በዜና ሰዓት ግን የሚዞሩት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው። በአካል መሄድ ያልቻለ ወላጅ በ6:30 ስልክ ይደውልና ከእማማ ድምፅ ጀርባ የሚሰማውን ያዳምጥ። "አቦ፣ ዛሬ ስንት ሰዓት ተከፈተ?" ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም፤ ድሬ ላይ በግልጽ የጠየቀ አይጠላም።

የምሳው ሰዓት ከሁሉ ያሳሰበን ነው። ልጆቹ ፓስታ ወይም ሩዝ ከፊታቸው፣ ዓይናቸው ስክሪን ላይ። ሲበሉ አይቸገሩም፣ እንዲያውም ሳህኑ ቶሎ ያልቃል፤ ቴሌቪዥኑ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ነገር ግን እያየ የሚበላ ልጅ መጥገቡን አያውቅም፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ አላምጦ አይውጥም። ከምሳ በኋላ የባቢሌ ኦቾሎኒ ለሁሉም በእፍኝ ሲታደል ተመልክተናል። ሙሉ ኦቾሎኒ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ በጭራሽ መሰጠት የለበትም፤ መንጋጋው ገና አይፈጭም፣ ፍሬውም የአየር ቧንቧውን ሊዘጋ ይችላል። ስክሪን ላይ ፈጦ የነበረ ልጅ በድንገት ሲስቅ አየር ይስባል፤ ፍሬው አብሮ ይገባል። የታነቀ ልጅ ድምፅ ስለማያወጣ ቴሌቪዥን በሚጮህበት ክፍል ውስጥ ማንም ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል። ኦቾሎኒው ተወቅጦ ገንፎ ላይ ቢነሰነስ ግን በጣም ጥሩ ምግብ ነው።

እንቅልፋቸውም ይነካል። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። እዚህ ፍራሾቹ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ይነጠፋሉ፤ ድራማው ላይ ሙዚቃ በወጣ ቁጥር አንዱ ይነቃል፣ የነቃው ሌላውን ያነቃል። የቬንትሌተር ድምፅ እኩል ስለሆነ እንቅልፍ አይሰብርም። የሚሰብረው ከፍ ዝቅ የሚለው ድምፅና የሚብለጨለጨው ብርሃን ነው። 11:30 ላይ ልጁን እየተነጫነጨ የሚረከብ ወላጅ ሙቀቱን ያማርራል፤ እንቅልፉ መቆራረጡን ግን ማንም አይነግረውም።

ስለ ዕቃው አቀማመጥ። ቡፌው መሳቢያ አለው፤ የ3 ዓመት ልጅ መሳቢያውን ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣበታል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ በሁለት ቀጭን የፕላስቲክ እግር ነው የቆመው። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ቀላል ስለሆነ አይጎዳም የሚባለው ስህተት ነው፤ ከቡፌ ከፍታ ራስ ላይ ሲወርድ በቂ ክብደት አለው። ሁነኛው መፍትሔ ግድግዳ ላይ ማሰር ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አራት የቡሎን ቀዳዳዎች አሉ፣ በዚህ መጠን ባሉት በብዛት ኤም 6 (ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ቡሎን) ነው የሚገባው። ማሰሪያው ግድግዳ ላይ ሲመታ ግን ይጠንቀቁ፤ የሳቢያን ቤቶች ብዙዎቹ በብሎኬት የተሠሩ ናቸው፣ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር (ቡሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ከጊዜ በኋላ ይላላል። ኮንክሪት ምሰሶው ላይ ወይም ሙሌት ባለበት ቦታ ይመታ። የታችኛው ጠርዝ ትልቁ ልጅ እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት በላይ ይሁን። ማሰሪያ እስኪገዛ ድረስ መሳቢያዎቹን መቆለፍና ሪሞትም ሆነ መጫወቻ ቡፌው ላይ አለማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ ልጅ የሚወጣው የሚያምረው ነገር ከላይ ሲያይ ነውና።

ሪሞት ካነሳን፣ የሪሲቨሩ ሪሞት የባትሪ ክዳኑ ጠፍቶ በፕላስተር ታሽጓል። ይቀየር። ከዚህ የሚያስፈራው የቬንትሌተሩ ትንሽ ሪሞት ነው፤ ውስጡ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነ ባትሪ አለ። ያንን የዋጠ ልጅ ጉሮሮው በ2 ሰዓት ውስጥ በከባድ ሊቃጠል ይችላል፣ መዋጡም ላይታወቅ ይችላል። የተዋጠ ከመሰለ ጠዋትን ሳይጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ከዲሽ፣ ከዩቲዩብና ከፍላሽ የትኛው ይሻላል? ዲሽ ማብቂያ የለውም፣ ቻናሉን የሚመርጠውም ሪሞቱን የያዘው ነው። ዩቲዩብ ከዚህ ይብሳል፤ አውቶፕሌይ ካልጠፋ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከተላል፣ ሦስተኛው ላይ ምን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። እኛ የምንመክረው ፍላሽ ነው። 8 ጊጋ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ፎልደር፣ በእያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ ከ25 ደቂቃ የማይበልጥ አንድ ፋይል፤ በኤምፒ4 ቢሆን አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ያነቡታል። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ከሆነ እስከ መጨረሻው ይታይ፣ መጨረሻው ላይ ሌላ ነገር ተቀጥሎ ይገኛልና። ከዚያ የቴሌቪዥኑ ሪፒት ይጥፋ፣ ካልጠፋ ያው ፋይል እየዞረ ሲታይ ይውላል። ስሊፕ ታይመሩ፣ ማለትም ቴሌቪዥኑን በራሱ የሚያጠፋው ሰዓት ቆጣሪ፣ 30 ደቂቃ ላይ ይደረግ። ቴሌቪዥኑ በራሱ ሲጠፋ ልጆቹ እማማን አይጣሉም፤ "አለቀ" ይባላል፣ በቃ። ምርጫው ላይ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ምስሉ ቶሎ ቶሎ የማይለዋወጥ፣ ልጁ በሚገባው ቋንቋ የሆነ ይሁን። ተስፋዬ ሳህሉ፣ አባባ ተስፋዬ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት ተረት ሲያወሩ የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጠው ልጅን እያዩ ነበር፤ ፍጥነቱ እንደዚያ ይሁን።

አሁን የሰዓቱ ጉዳይ፤ ይህ ነው ቤቱን የሚለውጠው። እማማ ከ1:30 እስከ 3 ሰዓት ድረስ ወለል ይወለውላሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፤ ልጆቹ በዚያን ጊዜ ሳሎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በቀኑ ውስጥ ካሉት ቀዝቃዛ ሰዓታት ግማሹ በዚህ ያልቃል። ይገለበጥ። ልጆቹ እንደመጡ ግቢ ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ይውጡ፣ እስከ 4:30 እዚያው ይቆዩ፤ 180 ደቂቃው በዚህ ብቻ ይሞላል። ልብስ ማጠብ ወደ 10 ሰዓት ይሂድ፣ በድሬ ፀሐይ ለመድረቅ ይደርሳል።

ከ4:30 እስከ 5:30 በረንዳው በሸራ ወይም በመረብ ጥላ ይሸፈንና ሳፋ ይቅረብ። ውሃው ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኩባያና ተቆርጦ ጠርዙ የተተኮሰ የሃይላንድ ጠርሙስ። መቅዳትና ማፍሰስ ብቻውን የ2 ዓመት ልጅን ረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ገላውንም ያቀዘቅዛል። ሁለት ነገር አይረሳ፦ አዋቂ ከሳፋው አጠገብ አትነሳም፣ እንደተጨረሰም ውሃው ወዲያው ይደፋል። ሕፃን በዚያች ጥልቀት ውሃም ይሰምጣል።

ከ5:30 እስከ ምሳ ሳሎን ይገባል። ለትልልቆቹ እንቆቅልሽ፣ ምስር መልቀም፣ ካልሲ በጥንድ በጥንድ መለየት፤ ምስሩ ከ3 ዓመት በታች ላሉት አይሰጥ፣ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቱታል። ምሳ 6:15፣ ቴሌቪዥን ጠፍቶ፣ አዋቂዋ አብራቸው ተቀምጣ። ከ7 እስከ 9 እንቅልፍ፣ መጋረጃ ተዘግቶ። ከ9 እስከ 9:30 ከ2 ዓመት በላይ ላሉት አራት ወይም አምስት ልጆች ፍላሹ ይከፈት፤ የእህት ልጅ አብራቸው ትቀመጥ፣ "ምን አደረገ? የት ሄደ?" እያለች። በዚያ ግማሽ ሰዓት ጨቅላዎቹ ከእማማ ጋር ሌላ ክፍል ይሆናሉ።

"ካላየ ያለቅሳል" የሚለውን ፍርሃት እናውቀዋለን። ግምገማ ላይ ሳለን አንድ ቀን ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ለ20 ደቂቃ ያህል ጩኸትና መጣላት ነበር። ከዚያ ትልቁ ልጅ ፍራሾቹን ደርድሮ ባቡር ሠራ፣ የለገሃሬን ጣቢያ ከሰማው ወሬ ይሆናል፤ ሌሎቹ ተሳፈሩ። መብራቱ 7 ሰዓት አካባቢ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ በራሱ በራ፣ ባቡሩም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባዶ ሆነ። ብዙ ቴሌቪዥኖች መብራት ሲመለስ እንዲህ በራሳቸው ይነሳሉ፤ በማይታይበት ሰዓት ሶኬቱ ራሱ ይነቀል። በሚለዋወጥ ኃይል ከመቃጠልም ይድናል።

እማማ ይህን ሁሉ ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ወዲያው የተቀበሉት የምሳውን ነው፣ ከማግስቱ ጀምሮ አጥፍተውታል። የልብስ ማጠቢያውን ሰዓት ሊሞክሩት ነው። ልጆቹ በልተው ከጨረሱ በኋላ ያለውን ዜና ማጥፋት ግን ከባድ ነው ብለዋል፤ የቤቱ አባወራ ለምሳ ሲመጡ የሚያዩት እሱን ነው። ይህን ወላጆች ተባብረው በአክብሮት ሊጠይቁላቸው ይገባል እንጂ እማማ ላይ ብቻ የሚጣል ሸክም አይደለም።

ስለዚህ ፍርዳችን በዕድሜ ይከፈላል። ከ2 ዓመት ተኩል በላይ ላለ ልጅ ይህን ቤት እንመርጣለን፤ ፍቅሩና ሦስቱ ቋንቋዎች ከብዙ ቦታ ይበልጣሉ፣ የቴሌቪዥኑ ሰዓትም መስመር እየያዘ ነው። ኦቾሎኒው እንዲቀርና ቴሌቪዥኑ እንዲታሰር ግን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይጠየቅ። ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ተኩል ላለ ልጅ ወላጅ በሳምንት አንዴ በ6:30 ብቅ ማለት ከቻለ ይሞክር። ለጨቅላዎች ከሳሎኑ ቀጥሎ አሁን ዕቃ የታጨቀበት ክፍል አለ፣ መስኮቱ ወደ ኒሙ ጥላ ነው። ተጠርጎ አንድ ምንጣፍና አንድ ቬንትሌተር ቢገባበት ይበቃል። ያ ክፍል እስኪለቀቅ ድረስ ከ18 ወር በታች ላለ ልጅ ይህን ቤት አንመክርም።